ያልራባት ሴት

ዕርድ ከቆመ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ድሬዳዋ ላይ ሥጋ የሚገኘው ረቡዕና ቅዳሜ፣ ሥጋው የሚያድግባቸው በርሜሎች ሲከፈቱ ነው። እንደ ጣቃ ተጠቅልሎ ይወጣና በክንድ እየተለካ ይቆረጣል። አጥንት የለውም፣ ጅማት የለውም፣ ፊትና ኋላ የለውም። የጾም ነው ወይስ የፍስክ የሚለው ክርክር አሥራ አንደኛ ዓመቱን ይዟል። ልጆች ቅልጥም የሚለውን ቃል የሚያውቁት ከጠብ ነው፤ ምን እንደሚሰበር ሳያውቁ «ቅልጥምህን ነው የምሰብረው» ይባባላሉ።

በከተማው አጥንት በየቀኑ የሚነካበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ከከተማው በስተደቡብ ካለው የኖራ ድንጋይ ተራራ ሥር ነጭ የተቀባ ረጅም ቤት አለ፤ ሰዉ «የአጥንት ቤት» ይለዋል። ከበላዩ፣ ከተራራው ወገብ ላይ፣ የጅብ ዋሻ አፉን ከፍቶ ይታያል። ከስድሳ ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች እዚያ እሳት አንድደዋል፤ አጋዘንና የሜዳ አህያ ተሸክመው ገብተዋል። እነሱ በልተው ሲወጡ ደግሞ ጅብ ገብቶ የተረፈውን ቆርጥሟል። የአጥንት ቤቱ ሥራ አጥንቱ ላይ የቀረውን የሰው ስለት ጭረት ከጅቡ ጥርስ መለየት ነው።

ዶክተር ሶስና በዚህ ሥራ ላይ ሃያ አራት ዓመት ቆይታለች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እጇን ታጥባ ትቀመጣለች። ከላይ መብራቱ ይወርዳል። ከሣጥኑ አንድ አጥንት አንሥታ እያገላበጠች የምታየውን በቃል ትናገራለች፤ የምን እንስሳ እንደሆነ፣ የትኛው አካል እንደሆነ፣ ማን እንደነካው፣ እንዴት እንደነካው። ሰው አንብቦ ካልመሰከረ በቀር መሣሪያ ብቻውን እንዳይፈርድ ሕጉ ይከለክላል። ስለዚህ እሷ እማኝ ትባላለች፣ የምትናገረውም ንባብ ይባላል። ከጣሪያው በኩል የሚሰማት መሣሪያ፣ መዝጋቢው፣ ደግሞ የተናገረችውን ከጭረቱ ቅርጽ ጋር ያስተያይና «ተመዝግቧል» ብሎ ከመቶ ቁጥር ይሰጣታል። አብዛኛውን ጊዜ ሰማንያ አንድ ይላታል። አሥራ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድስት ንባብ በስሟ አለ።

ሰማንያ አንድ ጥሩ ቁጥር ነበር። ሙሜ እስኪመጣ ድረስ።

ሙሜ የመጣው አጥንት ሊያጥብ ነው። ዕድሜው ስድሳ ስድስት ነው፤ ዕርድ ሳይቆም በፊት ሃያ ዓመት ሥጋ ቤት ሠርቷል፣ ከዚያ ወዲህ የበርሜሎቹ ጥበቃ ነበር። አንድ ማክሰኞ ሶስና የሜዳ አህያ የክንድ አጥንት ይዛ ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብላ ተቀምጣ ሳለ፣ የታጠበ አጥንት የሞላ ትሪ ይዞ በአጠገቧ አለፈና ቆመ።

«ምን አፍጥጠሽ ቀረሽ?» አላት።

ድሬ ውስጥ ትልቅ ትንሹ «አንተ» ነው፣ «አንቺ» ነው። ሶስና አዲስ አበባ ያደገች በመሆኗ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አልለመደችውም።

«የጭረቱ አቅጣጫ ነው ጋሽ ሙሜ። ከመገጣጠሚያው ይሸሻል። ልክ አይመስልም፤ ይተዉኝ፣ ላስብበት።»

«ግራኝ ነዋ!»

«እንዴት?»

«ገልብጪው እስቲ። እንደሱ፣ አዎ። ሰውዬው ወርቹን በጉልበቱ ረግጦ በግራ እጁ ወደ ራሱ ይስባል። ሙስጠፋ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፣ ግራኝ። እሱ የቆረጠውን ሥጋ ደንበኛ ከሩቅ ነበር የሚያውቀው። ይሄኛው ደግሞ ቸኩሏል፤ አቦ፣ አንድ ነገር አስቸኩሎታል፤ አየሽ ሁለተኛዋ ላይ እንደሳተ?»

ከጣሪያው በኩል መዝጋቢው ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። «ተመዝግቧል። ዘጠና አራት።»

ሶስና ዘጠና አራት ሲባል ሰምታ አታውቅም ነበር። አጥንቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ጥሩ ነው» አለች።

በሳምንቱ ለሙሜ ጠረጴዛ ተሰጠው። ከእሷ ፊት ለፊት፣ በአምስት እርምጃ ርቀት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ሶስና በዝርዝር ታስታውሳቸዋለች፤ ምቀኛ ሰው ብዙ ነገር ያስታውሳል። ሙሜ አንድ አጥንት ለማንበብ በአማካይ አራት ደቂቃ እንደሚወስድበት ታውቃለች። እሷ አሥራ ዘጠኝ ይወስድባታል። በአውራ ጣቱ ጥፍር አጥንቱን እየዳበሰ ዓይኑን እንደሚጨፍን ታውቃለች። ማንም በማያይበት ሰዓት እሷም በጥፍሯ ዳብሳ፣ ዓይኗን ጨፍና ሞክራለች። ጨለማ ብቻ ነው ያየችው። ሰማንያ ነበር ያገኘችው፤ ከወትሮው አንድ ያነሰ።

የሚያበግናት ግን ቁጥሩ ብቻ አልነበረም። በምሳ ሰዓት አጣቢዎቹ ሁሉ ወደ ሙሜ ጠረጴዛ ይሰበሰባሉ። እሱ የኖራውን አቧራ በመዳፉ ደልደል አድርጎ በጣቱ በሬ ይስላል፤ ከዚያ እየከፋፈለ ብልቱን ይጠራል። ሻኛ። ፍሪምባ። ዳቢት። ሽንጥ። አብዛኞቹ እነዚህን ቃላት በሕይወታቸው ሰምተው አያውቁም።

«ለእኔስ የቱን ትሰጠኝ ነበር፣ ሙሜ?» ትለዋለች ዘይነባ፣ ከአጣቢዎቹ ሁሉ ተጫዋቿ።

«ላንቺ ምላስ።»

«ምላስማ አለኝ!»

«እሱማ ነው። ያኛው በሥራ ብዛት ሊያልቅ ደርሷል፤ መለዋወጫ ይኑርሽ ብዬ እኮ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሶስና ከጠረጴዛዋ ቀና ሳትል «ዳቢት የሳይንስ ስም አይደለም፤ መዝገብ ላይ እንዳይገባ» ትላለች። ሳቁ ይቀዘቅዛል። ሙሜ «ልክ ነሽ፣ ዶክተር ልክ ናት» ይላል ያለ ምንም ቅሬታ። እሷ ደግሞ ቅሬታ አለመኖሩ ይቆረቁራታል።

በማግስቱ የአጋዘን ትከሻ ይዛ ስታነብ መዝጋቢው አቋረጣት። ሃያ አራት ዓመት «እርስዎ» ሲላት የኖረው መዝጋቢ።

«ዳቢቱን ማለትሽ ነው?» አላት።

የቤቱ ኃላፊ አያንቱ ሁለቱን እማኞች ቢሮዋ የጠራቻቸው በመጋቢት መጀመሪያ ላይ ነው። አያንቱ ቁጭ በሉ ሳትል ነገር የምትጀምር ሴት ናት።

«ትእዛዝ መጥቷል። ከአሁን ወዲያ ለአንድ ዋሻ አንድ ዓይን ነው። ሁለት ሰው ሲያነብለት መዝጋቢው የሁለቱን አማካይ እየወሰደ ዕይታው ይደበዝዛል ይላሉ። የተመረጠው ሰው አነባበብ ቋሚ ይሆናል፤ የዋሻው አጥንት በሙሉ፣ ከዚህ በፊት የተነበበውም ጭምር፣ በሱ ዓይን እንደገና ይታያል።»

«ያልተመረጠው ንባብስ?» አለች ሶስና።

«ይታጠፋል።»

«ይታጠፋል ማለት?»

«ይታጠፋል ማለት ይታጠፋል፣ ዶክተር። አይኖርም።» አያንቱ ወደ መስኮቱ ዞረች። ማዘኗን ሰው እንዲያይባት አትወድም። «ፈተናው መጋቢት ሃያ ነው። ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዎች ይመጣሉ። ለእያንዳንዳችሁ ዘጠኝ ዘጠኝ አጥንት። አማካዩ የበለጠ ያልፋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ‹አላውቅም› ያለ ወድቋል። መዝጋቢው ባዶ ዓይን አይቀበልም። ያልተነበበው አጥንት ካለ ደግሞ የተመረጠው ሰው የመጀመሪያ ሥራው እሱን ማንበብ ይሆናል።»

ሲወጡ ሙሜ ኮሪደሩ ላይ «አይዞሽ፣ አቦ» አላት። «እኔ እንደሆን በርሜል ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

እንዲህ ባይላት ይሻል ነበር። ሶስና ቤቷ እስክትደርስ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰበችው። እሱ ቢሸነፍ የሚያጣው ነገር የለም። እሷ ብትሸነፍ አሥራ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድስቱም በሙሜ አፍ ሊነገሩ ነው፤ ይሄ ግራኝ ነው፣ ይቺ ቸኩላለች፣ ይሄኛው ሙስጠፋ የሚባለውን ጓደኛዬን ይመስላል እየተባለ። እሷ መኖሯም አይታወቅም።

እሁድ እኩለ ቀን ላይ የወጥ ቤቷን ጠረጴዛ አጸዳች። ከቦርሳዋ ሁለት ነገር አወጣች። አንደኛው ከአፈር ወንፊት ቅሪት የተገኘ፣ ቦታው ስለማይታወቅ ቁጥር ያልተሰጠው የአጋዘን ቅልጥም ነበር፤ እንዲህ ያሉት ለልምምድ በአንድ ሣጥን ይከማቻሉ። ሁለተኛው ለጎብኚ ማሳያ የሚቀመጥ ስለታም ባልጩት ነበር።

ያሰበችው ቀላል ነው። ቅልጥሙ ላይ ጭረት ታወጣለች። ከሙሜ ዘጠኝ አጥንቶች መካከል ትጨምረዋለች፤ የሣጥኖቹ ቁልፍ የሚያዘው በእሷ ነው፣ መዝጋቢውም ከዋሻው ሣጥን የወጣውን ሁሉ የዋሻው ነው ብሎ ይቀበላል እንጂ ዕድሜ አይጠይቅም። ሙሜ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ተረቱን ያወራል። ቸኩሎ ነው፣ እርቦት ነው፣ ግራኝ ነው ይላል። እሱ ሲጨርስ እሷ ትነሣና «ይቅርታ፣ ይህ ከልምምድ ሣጥን በስህተት የገባ ነው፤ ጭረቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ» ትላለች። ያን ጊዜ ሰውዬው ከአጥንት ሳይሆን ከራሱ እያወጣ እንደሚያወራ ሁሉም ያያል።

ባልጩቱን ጨብጣ የመጀመሪያውን ጭረት በጭንቅ አወጣች። ስለ ጭረት የጻፈችው ብዙ ነው፤ ስፋቱን፣ ጥልቀቱን፣ የጎኑን ተዳፋት። በእጇ አንድም ጊዜ ቆርጣ አታውቅም ነበር። ሁለተኛው ቀለል አላት። ሦስተኛው ላይ ባልጩቱ አዳልጦ አውራ ጣቷን ሸረከታት፤ በፕላስተር አሸገችውና ቀጠለች። ስድስት አወጣች። እኩል ተራርቀው፣ መጽሐፍ ላይ እንዳለው ሥዕል ጥርት ብለው ወጡ። ቀና ብላ ስታያቸው ደስ አላት፤ ለወራት ያልተሰማት ደስታ ነበር። ከዚያ ከዋሻው ባመጣችው ጭቃ ለውሳ፣ በወፍራም ሻይ ቀቀለችው። አዲሶቹ ጭረቶች ከድሮዎቹ የሚለይ ቀለም አልነበራቸውም። ፈርሶ ዱቄት ከሆነ አንድ አጥንት ላይ ቁጥሩን ወሰደችለት። አራት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት።

በመጋቢት ሃያ ጠዋት ሶስና ቀድማ አነበበች። አማካይዋ ሰማንያ ሦስት ሆነ፤ በሕይወቷ ከፍተኛው። ከአዲስ አበባ የመጡት ሁለቱ ሰዎች አንገታቸውን ነቀነቁላት። ከሰዓት በኋላ ሙሜ ተቀመጠ። ዘይነባና ሌሎቹ አጣቢዎች በሩ ላይ ተኮልኩለው «አይዞህ ሙሜ!» ሲሉ አያንቱ አባረረቻቸው፤ እነሱ ግን አልሄዱም።

ስምንቱን አጥንት በአርባ ደቂቃ ጨረሰ። ዘጠና አንድ። ዘጠና አምስት። ዘጠና ሦስት። አንደኛው እንግዳ ማስታወሻ መያዝ ትቶ እጁን አጣምሮ ያዳምጥ ነበር። ስለ አንድ የከርከሮ መንጋጋ ሲናገር እንግዳው ሳያስበው የራሱን አገጭ ዳበሰ። ሶስና ይህንንም አየች።

ዘጠነኛውን አነሣ።

እንደ ወትሮው አገላበጠው። ጥፍሩን በጭረቶቹ ላይ አንዴ አሳለፈ። ዓይኑን አልጨፈነም። እንደገና አሳለፈ። ከዚያ ጥፍሩን አነሣ። ሶስና ንግግሯን በልቧ እየደገመች ከወንበሯ ጫፍ ላይ ነበረች። ሙሜ አጥንቱን ወደ መብራቱ ጠጋ አደረገ፣ ቀና አለና ወደ እሷ አየ። ፊቷን አልነበረም። ጭኗ ላይ ያረፈውን፣ አውራ ጣቱ የታሸገውን እጇን ነበር የሚያየው።

ሶስና እጇን ደበቀች። ስትደብቀውም እንደዘገየች አወቀች።

«ጋሽ ሙሜ?» አለች አያንቱ። «እየጠበቅን ነው።»

ሙሜ አጥንቱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«አላውቃትም» አለ።

«ምን ማለት ነው አላውቃትም? ትንሽ ይሞክሩ» አለ እንግዳው፤ ሊለምነው ምንም አልቀረው። «የመጣልዎትን ይናገሩ፣ ግድ የለም።»

«የመጣልኝ የለም። አላውቅም ብያለሁ፣ አቦ፤ በቃ አላውቅም።»

በሩ ላይ ዘይነባ «ኧረ ሙሜ!» ስትል ተሰማ። አያንቱ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር አሠመረች።

ሶስና ያዘጋጀችውን ንግግር የምታደርግበት ቦታ አልነበራትም።

ሙሜን ያገኘችው ከቤቱ ጀርባ፣ ለአጣቢዎች በተሠራው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የሥራ ሽርጡን እያጣጠፈ ነው። ፀሐዩ ገና አልበረደም። ቆማ ቀረች፤ እሱ ደግሞ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

«ምነው?» አለች ሳትቀመጥ። «ለምን እንደዚያ አሉ?»

«ምን አልኩ?»

«አውቀውታል እኮ።»

«አጥንቷንማ አላወቅኋትም» አለ ሙሜ። «እጁን ነው ያወቅሁት።» ሽርጡን ጉልበቱ ላይ አኖረው። «ስሚኝ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ማንም አልነገረሽም መሰለኝ። ሰው ሲቆርጥ የሚፈልገው ሥጋውን ነው። አጥንቱን የሚነካው ሲስት ነው። ጭረት ማለት ስህተት ነው፣ አቦ። ጎበዝ ቆራጭ አጥንት ላይ ምንም አይተውም፤ ቢላዋው ይዶለዱምበታላ! እዚህ ቤት ያሉት ሁሉ የቸኮሉ፣ የደከሙ፣ ልጅ እያለቀሰባቸው የሳቱ ሰዎች ናቸው። ያንቺ ስድስቱም ግን ቀጥ ብለው የሄዱት ወደ አጥንቱ ነው። ሥጋ ያልነበረው አጥንት። በልቤ ምን አልኩ መሰለሽ? ይቺ ሴትዮ አልራባትም አልኩ።»

ሶስና ፊቷ ነደደ። ሃያ አራት ዓመት ጭረት ስትለካ ኖራ ጭረት ስህተት መሆኑን አላወቀችም ነበር።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ሰው ፊት?» ሙሜ በእውነት የገረመው ይመስል ነበር። «ምን ልበል? ሃያ አራት ዓመት የሠራችውን ሴትዮ ላዋርድ? ኧረ ተይኝ። ውሸት ደግሞ ለዚያ ለጣሪያው አልነግረውም፤ ያየሁትን ካልሆነ አፌ አይታዘዝልኝም። እና አላውቅም አልኩ። ምን ችግር አለው?» ተነሣ። «ስትቆርጪ ደግሞ አውራ ጣትሽን ከስለቱ ኋላ ያዢው፤ ፊት ለፊት አታድርጊው። ልጅ እንኳ ያውቀዋል።»

ቢቆጣት በወደደች። ቢሰድባት፣ ወይም ከአያንቱ ዘንድ ሄዶ ቢከሳት፣ ቢያንስ እኩል ይሆኑ ነበር። ጀርባውን እያየች ቆመች። በዚህም በለጣት።

በማግስቱ ጠዋት ሙሜ ወደ በርሜሎቹ ተመለሰ፤ ጠረጴዛው ተነሣ። ሶስና የጅብ ዋሻ ቋሚ እማኝ ሆና ተቀመጠች። መብራቱ ወረደ። ከፊቷ አንድ አጥንት ብቻ ነበር። አራት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት።

አያንቱ ከኋላዋ ቆማለች፤ ሁለቱ እንግዶችም ወደ አውሮፕላኑ ሳይሄዱ የመጀመሪያዋን ንባብ ለማየት ቆይተዋል።

«አጋዘን» አለች ሶስና። «ቅልጥም። ሰው የቆረጠው፤ ሥጋ ለመገንጠል።»

«ሠላሳ አንድ» አለ መዝጋቢው። «እንደገና።»

እንግዶቹ ተያዩ። ሶስና አጥንቱን ገለበጠችው።

«ምናልባት የጅብ ጥርስ ነው።»

«ዘጠኝ። አንድ ሙከራ ብቻ ቀርቶሻል።»

አላውቅም ብትል ያለቀላት ነው። እውነቱን ብትናገርም ያለቀላት ነው። ያን ጊዜ፣ ሌላ የምታደርገው ስላልነበራት ብቻ፣ ጥፍሯን በስድስቱ ጭረቶች ላይ አሳለፈችና ዓይኗን ጨፈነች። ጨለማ አልነበረም። የወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ነበር፣ የእሁድ ፀሐይ ነበር፣ ባልጩት የጨበጠ እጅ ነበር።

«ሴት ናት» አለች። «አልራባትም። አጥንቱ ላይ ሥጋ አልነበረም። ስድስቱንም አስባ፣ ለክታ ነው ያወጣቻቸው፤ እንዲታዩላት ነው። ሦስተኛው ላይ እጇን ቆርጧታል፣ ግን አልተወችውም። ስትቆርጥ አንድ ሰው እያሰበች ነበር። የሚበልጣትን ሰው።»

እንግዶቹ ወደ ጣሪያው ቀና አሉ።

«ተመዝግቧል» አለ መዝጋቢው። «ዘጠና ዘጠኝ።»

አያንቱ ትንፋሿን ስትውጥ ተሰማ። የሶስና የመጀመሪያ ሐሳብ፣ በኋላ ደጋግማ እንደምታስታውሰው፣ ሀፍረት አልነበረም። ሙሜ ዘጠና ዘጠኝ አግኝቶ አያውቅም የሚል ነበር።

«ይህን ንባብ የዋሻው መለኪያ ላድርገው?» አላት መዝጋቢው።

የመስታወት ቤት ውስጥ እንዳለች ሁሉም ያይዋታል። ማንም ግን የሚጠረጥራት የለም። «አድርገው» አለች።

ከምሳ በኋላ አያንቱ በኮሪደሩ እየሮጠች መጣች። ስትሮጥ ማንም አይቷት አያውቅም። መዝጋቢው በአዲሱ መለኪያ ያንኑ እጅ በሌሎች አጥንቶች ላይ ፈልጎ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቦታ አግኝቶታል። ከነዚህ ሁለት መቶ አርባው ቀደም ሲል ሶስና ራሷ «ጅብ» ብላ ያነበበቻቸው ነበሩ፤ ታጥፈዋል።

«ገባሽ አይደል ምን እንደሆነ?» አለች አያንቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ እያለቻት። «ለሆዷ ያልቆረጠች የመጀመሪያዋ ሰው! ስድሳ ሺህ ዓመት!»

በሰኔ ለአጥንቱ ቅጥ ያለው የመስታወት ሣጥን ተሠራለት። በሐምሌ ትምህርት ቤቶች መምጣት ጀመሩ። «ያልራባት ሴት» የሚለው ስም ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ በከተማው አውቶቡሶች ላይ ተጽፎ ነበር፣ በልጆች ደብተር ላይ ተስሎ ነበር፣ በየስብከቱና በየንግግሩ ይጠቀስ ነበር። ሥዕሏ ረጅም አንገትና የሐዘን ዓይን አለው። ማንን ታስብ ነበር የሚለው ላይ ሰዎች በሬዲዮ ይከራከራሉ። ሌሎች ዋሻዎችም ፈልገው አገኟት። በየሳምንቱ ከሶስና ንባቦች መቶዎቹ እየታጠፉ ላልራባት ሴት ይሰጣሉ። በመስከረም ሶስና ዝርዝሩን ስታይ በስሟ የቀሩት አራት ሺህ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ አላየችም።

አንድ ቅዳሜ ከሐረር የመጡ ጎብኚዎች አዳራሹን ሞልተውት ነበር። ሶስና መጠቆሚያዋን ይዛ ከመስታወቱ አጠገብ ቆማለች፤ ስለ ጥልቀትና ስለ ተዳፋት ልታስረዳ ጀምራ ማንም ስላልሰማት ትታው ነበር። ነጠላ የለበሱ አንዲት ሴት ሰዉን እየከፈሉ ወደፊት መጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እህቴ» አሏት ክንዷን በቀስታ ነካ አድርገው፣ «እባክሽ ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ። ከለልሻት።»

ሶስና ፈቀቅ አለች። ሴትዮዋ ግንባራቸውን ከመስታወቱ አስጠግተው ለረጅም ጊዜ ቆዩ፤ ከኋላቸው የነበሩትም ተራቸውን ጠበቁ። ሶስና የምታውቀው ምቀኝነት ሲነሣባት ተሰማት። በሙሜ ጊዜ ያንገበግባት የነበረው ነው፤ ሙሜ ግን በርሜሎቹ ዘንድ ነው፣ ካሰበችውም ወር አልፏታል።

በሴትዮዋ ትከሻ ላይ አሻግራ ስድስቱን ጭረቶች አየቻቸው። እኔ የሌለኝ ምን አላት፣ ብላ አሰበች።